ደጃችን የደረሰን ሰው ስንረዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ልጃገረዶችን በሚያስጠጋ መጠለያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሊረዱ የሚመጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ግቢያቸውን ዘግተው፣ ልጆቻቸውን በሰርቪስ እያመላለሱ፣ ችግርን በመኪና መስታወት ብቻ እያዩ የሚኖሩ ጨዋ ቤተሰቦች ናቸው። አንድ ቀን አንጀታቸውን የሚበላ ሰው ያጋጥማቸውና ሊረዱት ይነሣሉ። ያን ጊዜ አንዱ የሠራውን ስህተት ሌላውም ይደግመዋል።

ሳይጠይቁ መስጠት። ባልና ሚስት ላምበረት መናኸሪያ ስታለቅስ ያገኟትን ልጅ ምሳ አብልተው፣ ነጠላና ጫማ ገዝተው ወደ እኛ አመጧት። ልጅቷ ግን ማልቀሷን አላቆመችም። ምን እንደሚያስለቅሳት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስጠይቃት ከቀሚሷ ጠርዝ ላይ ቋጠሮ ፈትታ ዝናብ ያበሰበሰው ወረቀት አወጣች። የአክስቷ ስልክ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ጠፍታለች። ከዜሮ ጀምረን በየተራ ደወልን። ስድስት ላይ ስንደርስ አክስቷ አነሣች፤ ከጠዋት ጀምራ እዚያው መናኸሪያ ስትፈልጋት ነበር የዋለችው።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» ማለት። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁና። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ገላዋን ትታጠባለች፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ አዲስ ቀሚስ ይገዛላታል። በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኑን ታዝላለች። በሁለተኛው ወር የቤት ሠራተኛዋ ትሰናበታለች። ዓመት ሳይሞላ ልጅቷ ማዕድ ቤት ወለል ላይ እያደረች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ ታቀርባለች። ስለ ደመወዝ ሲነሣ «ልብሷንም ምግቧንም የምንችለው እኛ አይደለንም እንዴ?» ይባላል። ትምህርቷም ሁልጊዜ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይቀጠራል። እስቲ የወለዳችኋት ልጅ ስንት ሰዓት ትነቃለች? እንግዳ ሲመጣ ማን ከእናንተ ጋር ማዕድ ይቀርባል፣ ማን ቆሞ እጅ ያስታጥባል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርቱን ወይም ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብቱም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ዕድሜዋ ለሥራ የደረሰን ሴት የምታስገቡ ከሆነ ሥራ ነው በሉ፤ ደመወዟንና የእረፍት ቀኗን በግልጽ ተነጋገሩ። ሕፃን ከሆነች ደግሞ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ቤተሰቧም ይፈለግ።

እኔም ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት አድርጌዋለሁ። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት አብራን ስትኖር እናቷ ሞታለች ብዬ አስብ ነበር፤ በሕይወት መኖሯን ያወቅሁት ልጅቷ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ነው። ለእናቷ የገዛችውን ሻሽ አሳየችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለ እናቷ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ክብሪት ማሽተት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ የክብሪት ጭስ የሚያሸትተው አይጠፋም። በራችን ላይ የወደቀች ልጅ ከሕመሟ ስትነቃ አፍንጫዋ ሥር ተቃጥሎ ነበር። እባካችሁ ተዉ! ጭሱ ሕመሙን አያቆመውም። አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ እጅና እግሯንም አጥብቃችሁ አትያዙ። ከራሷ ሥር ነጠላ ወይም ሹራብ አድርጉ፣ መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኗ አስተኟት፣ ሰዓት ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል። 5 ደቂቃ ካለፈ በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ። አረፋው በሽታውን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ አትሽሹ።

ቁልፍ የሌለው ሸሚዝና አንድ እግር ጫማ አታምጡ።

ስትሰጡ ፎቶግራፍ አታንሡ። ከቤቷ ሳትናገር የወጣች ልጅ ፊቷ በስልክ ሲዞር ማን እንደሚያያት አታውቁም፤ አንዳንዷ የሸሸችው ሰው እርሷን ፍለጋ ላይ ነው።

ልጆቻችሁን «እናንተ ምን ያህል እንደታደላችሁ እዩ» ለማለት አታምጧቸው። የኛ ልጆች ይሰማሉ። ይልቅ አብረው ገበጣ እንዲጫወቱ አድርጓቸው።

እሑድ እመጣለሁ ብሎ መቅረት። ይህ ከሁሉ ቀላል ይመስላል። ቃል የተገባላት ልጅ ቅዳሜ ቀሚሷን ታጥባለች፤ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትነሣለች። ምሳ ስንጠራት «ትንሽ ልቆይ» ትላለች። እናንተ እንግዳ መጥቶባችሁ ወይም ልጃችሁ አሟት ቀርታችሁ ይሆናል፤ በቂ ምክንያት ነው። ብቻ ደውሉ፤ እኛ ስልኩን ይዘንላት እንሄዳለን፣ ከራሳችሁ አፍ ትስማው።