ከአዲስ አበባ ካምፓላ በሞተር ብቻህን ለመሄድ ካሰብክ

መጀመሪያ ወሩን ምረጥ። ብዙ የኛ ሰው ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ እወጣለሁ ይላል፣ ወደ ሰሜን ቢሆን ልክ ነበር፣ ወደ ደቡብ ግን ገና ቦረና ስትደርስ የነሱ ዝናብ እየጀመረ ነው የሚጠብቅህ፣ ኬንያና ዩጋንዳም ከጥቅምት እስከ ታህሳስ አንዴ ይዘንባል ከዛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ዋናው ይመጣል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብትወጣ ሦስቱም አገር ላይ የተሻለ ደረቅ ታገኛለህ። ዩጋንዳ ያኔም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊያወርደው ይችላል፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ነዋ። (በነገራችን ላይ እህቶች "አንተ" እያልኩ የምፅፈው እንዲቀለኝ ነው፣ ነገሩ ለናንተም ያው ነው።)

ሞተሩ ትልቅ መሆን የለበትም። ቦክሰር 150 ወይ ቲቪኤስ ካለህ በቃ፣ እንደውም ብቻህን ከሆንክ እሱን ነው የምመክርህ፣ ምክንያቱም ኬንያና ዩጋንዳ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው ሰው የሚያመላልሱ ሞተሮች ብዙዎቹ እነሱው ስለሆኑ ካንዴላ በለው የፍሪሲዮን ገመድ በለው ካቴና በለው ትንሽ ገጠር ከተማ ላይም ታገኛለህ፣ የሚሰራልህም አይጠፋም። ያ ባለ 1200 ጀርመን ሞተር ጭቃ ላይ ሲወድቅብህ ብቻህን አታነሳውም።

ወረቀት ላይ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ነው የሚያስፈልግህ። አንዱ የኮሜሳ (የምስራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ኢንሹራንስ ነው፣ እዚሁ መድን ድርጅትህ ጋ ትጠይቃለህ፣ ኬንያም ዩጋንዳም ይሰራል። ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፣ ዩጋንዳ ያለሱ ችግር ነው፣ ከተከተብክ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚፀናው ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት እንዳታቆየው። ሊብሬው በስምህ ካልሆነ ውክልና ያዝ። የቪዛውን ነገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩት ከመውጣትህ በፊት አረጋግጥ።

ልብስህን በፌስታል ጠቅልለህ ሻንጣ ውስጥ የምትከት ከሆነ ተው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ግዛ።

አዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ እንዳትል፣ ዲላ እደርና ያቤሎ እደርና ሞያሌ ጠዋት ግባ። ጉጂና ቦረና ላይ ስለ መንገዱ ሰላም ከፌስቡክ ይልቅ በየቁርስ ቤቱ የጭነት ሹፌሮችን ጠይቅ፣ ዛሬ ያለፈ ሰው ነው የሚያውቀው፣ "ቆይ" ካሉህ ቆይ። አይሱዙዎቹን ታውቃቸዋለህ፣ አልቃይዳ የተባሉት በከንቱ አይደለም፣ ልቀቅላቸው። ቤንዚን ማደያ ባየህ ቁጥር ሙላ፣ ሰልፍም ቢሆን ተሰለፍ፣ በሀይላንድ የሚሸጠውን ግን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም።

ሞያሌን ስትሻገር መንገዱ በግራ ይሆናል። የሚያሳስተው ግን ድንበሩ ላይ አይደለም፣ እዛማ ሁሉም ሰው ንቁ ነው፣ የሚያሳስተው በማግስቱ ጠዋት ከማደያ ስትወጣ ወይ ለሽንት ቆመህ ስትመለስ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው፣ እጅህ በልማዱ ወደ ቀኝ ይወስድሃል። ታንከሩ ላይ ወደ ግራ የሚያሳይ ቀስት በፕላስተር ለጥፍ፣ ያስቃል ግን ይሰራል።

ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፣ ድሮ ኮረኮንችና ሽፍታ ነበር። አሁን ችግሩ ንፋስ ነው፣ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ ከጎን ስለሚመታህ ፍጥነት ቀንስና ሞተሩን ትንሽ ወደ ንፋሱ አዘንብለህ ንዳ። ከኢሲዮሎ በኋላ ናይሮቢ መግባት ግዴታ የለብህም፣ በናንዩኪ (የምድር ወገብ ሰሌዳ እዛ አለ፣ ፎቶ ትነሳለህ) በኒያሁሩሩ አድርገህ ናኩሩ ውጣ። እዚህ ላይ ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል፣ ትሮፒክ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚመስለው ሰው ከናኩሩ ኤልዶሬት ሲሄድ ቲምቦሮዋ ላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እግረ መንገድህን ሳልጋ የሚባለው ቦታ ላይ ቁልቁል ከሚመጣ የጭነት መኪና ተጠንቀቅ፣ ፍሬን እምቢ ያላቸው ብዙ ሰው የጨረሱበት ቦታ ነው።

በማላባ ዩጋንዳ ትገባለህ፣ ጂንጃ ላይ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አይተህ በማቢራ ደን ውስጥ ወደ ካምፓላ፣ ናጄምቤ ላይ በእንጨት የተሰካ ዶሮ ይሸጡልሃል፣ ብላ። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ዳር ዳሩን ከወጣህ ግን ቀይ አፈር ነው፣ ሲደርቅ ምርጥ ሲረጥብ ሳሙና። ጎማ መጀመሪያ ይሞላል፣ ከዛ ጭቃው በጎማውና በመከላከያው መሀል እየታጨቀ የፊት ጎማህን ያቆመዋል፣ ሊያንሸራትተኝ ነው ብለህ ስታስብ ጎማው ጭራሽ አይዞርም። መከላከያው ዝቅ ያለ ከሆነ ከቤት ሳትወጣ አስነሳው ወይ ከፍ አስደርገው። ጭቃው ላይ ጎማህን ትንሽ አተንፍስ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሂድ፣ የፊት ፍሬን አትንካ፣ የመንገዱ መሀል ጎበጥ ያለ ስለሆነ ወደ ዳር ከወረድክ ቦይ ውስጥ ነህ፣ መኪና የረገጠውን መስመር ያዝ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መቆም ነው። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ቶሎ ታደርቀዋለች፣ ሻይ ጠጣ፣ ቻፓቲ በእንቁላል ብላ፣ ሮሌክስ ይሉታል።

ማታ አትንዳ። እዛ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ጨልሟል፣ ድንግዝግዝ የሚባል ነገር ብዙም የለም፣ ከዛ በኋላ መብራት የሌለው ሳይክል፣ ላም፣ የቆመ መኪና። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማደሪያ መፈለግ ጀምር። ሰዓት ስትጠይቅ በስዋሂሊ ከነገሩህ ቆጠራው ልክ እንደኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጅ ነው።

ለወባ ሐኪም ቀድመህ አማክር። ዶክሲሳይክሊን ካዘዘልህ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ጓንት ሳታደርግ አትንዳ፣ ከተመለስክም በኋላ አራት ሳምንት ትወስደዋለህ፣ አገሬ ገባሁ ብለህ እንዳታቆመው። ካቴናውን ዝናብ በመታህ ቀን ሁሉ ማታ ማታ ጥረግና ቀባ፣ እርጥብ ካልሲ ደግሞ በፍፁም ለነገ አታሳድር።

አንድ የቀረ ነገር፣ ከየአገሩ ስትወጣ ፓስፖርትህን ብቻ አስመትተህ እንዳትሄድ፣ ለሞተሩ የተሰጠህን የጊዜያዊ መግቢያ ወረቀትም ጉምሩክ ጋ አዘጋ፣ ካልተዘጋ ሞተሩ እዛው እንዳለ ነው የሚቆጠረው።