የሊቲየም-ሰልፈር ባትሪ ቶሎ ሲደክም፦ በናፊዮን የተቀባ ሴፓሬተር ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ቻርጁ አያልቅም። ቮልቴጁ 2.3 እና 2.4 መካከል ቆሞ ይቀራል፤ የሚገባው ከሚወጣው በብዙ ይበልጣል።

ምክንያት፦ ከካቶዱ (ሰልፈሩ ካለበት ምሰሶ) የሟሟው ፖሊሰልፋይድ (የሊቲየምና የሰልፈር ውህድ) በሴፓሬተሩ (ሁለቱን ምሰሶዎች በሚለየው ስስ ሽፋን) ቀዳዳዎች ወደ ሊቲየሙ አልፎ ኤሌክትሮን ይቀበልና ተመልሶ ይመጣል። ቅቡ የተሠራበት ፖሊመር፣ ናፊዮን፣ የያዘው ሰልፎኔት አሉታዊ ስለሆነ ይህን አሉታዊ ፖሊሰልፋይድ ይገፋል፣ ሊቲየም አዮንን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ምልልሱ ከቀጠለ ቅቡ አንድ ቦታ ተበስቷል ወይም ሳስቷል፤ አለዚያም ፖሊሰልፋይዱ በጎን ዞሮ ገብቷል።

መፍትሄ፦ ኮይን ሴሉን (የሳንቲም ቅርጽ ያለውን ባትሪ) በአርጎን ግላቭ ቦክስ (አየር በማይገባበት፣ አርጎን በተሞላ ሳጥን) ውስጥ ፍቱትና የሴፓሬተሩን የሊቲየም በኩል እዩ። ቡናማው ቀለም መሃሉን ከያዘ እንደገና ቀቡ። ጠርዙ ላይ ብቻ ቀለበት ከሠራ ግን ቅቡን አትንኩት፤ ፈሳሹ በጎን ዞሮ ነው የገባው። ሴፓሬተሩን 19 ሚሊ ሜትር ቁረጡና መሃል ላይ አስቀምጡ። የተቀባው ፊት ወደ ካቶዱ ይሁን።

ችግር፦ ከቅቡ በኋላ ባትሪው ሲያወጣ 2.1 ቮልት አካባቢ መሆን ያለበት ሁለተኛው የቮልቴጅ ደረጃ ወርዷል፣ አቅሙም ቀንሷል።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ናፊዮኑ አሲድ እንደሆነ ተቀብቷል፤ አለዚያም ወፍሯል። ሲገዛ የያዘው ፕሮቶን በሊቲየም መተካት አለበት።

መፍትሄ፦ 10 ግራም ባለ 5 በመቶ ናፊዮን (ኢኩዊቫለንት ክብደቱ፣ ማለትም አንድ ሞል ሰልፎኔት የያዘው የፖሊመር ክብደት፣ 1100 ግራም) 0.5 ግራም ፖሊመር ስላለው 19 ሚሊግራም ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ሞኖሃይድሬት ጨምራችሁ ሌሊቱን አማስሉት። ከዚያ 40 ግራም አይሶፕሮፓኖል ሲታከልበት 1 በመቶ ይሆናል። ለአንድ ክብ ሴፓሬተር 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ክቡን ከቅቡ በፊትና ከደረቀ በኋላ መዝኑ፤ ልዩነቱ 0.85 ሚሊግራም ከሆነ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 0.3 ሚሊግራም፣ ማለትም 1.5 ማይክሮ ሜትር ገደማ ውፍረት አገኛችሁ። በቫኪውም፣ በ60 ዲግሪ፣ 12 ሰዓት ይድረቅ። ሙቀት ብትጨምሩ ፖሊፕሮፒሊኑ ይኮማተራል።

ፈሳሹ ፊቱ ላይ እየተንከባለለ ከተቋጠረ ውሃው በዝቷል፤ አይሶፕሮፓኖል ጨምሩ።

ችግር፦ ሴፓሬተሩ የተቀባውም ያልተቀባውም ሴል እኩል ይሠራሉ።

ይህን ውጤት አትመኑት። ኤሌክትሮላይቱ (አዮን የሚያስተላልፈው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ሊቲየም ናይትሬት የሊቲየሙን ፊት ስለሚሸፍን የቅቡን ሥራ ይደብቃል። ቅቡን ለመፈተን ሁለቱንም ያለ ናይትሬት፣ በእኩል የሰልፈር መጠንና በእኩል ኤሌክትሮላይት ገጣጥሙ። ናይትሬቱ ከተመለሰ በኋላ ከ1.7 ቮልት በታች አታውርዱ፤ እዚያ ናይትሬቱ ራሱ ካቶዱ ላይ ይፈርሳል።