ላይ ቤት ምጣድ፣ ታች ቤት ፍሪጅ፦ የኤሲና የሂተራችሁን አየር እንዴት ታስተካክላላችሁ?

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ውስጥ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ሳሎን ያለው ቴርሞስታት 74 ፋራናይት ይላል፣ ላይ የልጆቹ መኝታ ቤት ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ባለሙያ ጠራን። አሥር ደቂቃ ያህል ዞር ዞር ብሎ አየና «ማሽኑ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት» አለን። ዋጋውን ሲጠራ ባለቤቴ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

በሳምንቱ ለእንግዳ ቦታ ልናስፋ ሶፋውን ስናንቀሳቅስ ጉዱ ወጣ። ከኋላው ግድግዳው ላይ ትልቅ የአየር መሳቢያ አለ፤ ሶፋው ጥርቅም አድርጎ ዘግቶት ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ! አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አደረግነው። ያኔውኑ ማታ ላይ ቤት ያለው ቬንት ሲነፍስ ይሰማ ጀመር።

ሁላችንም ቬንት የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀዝቃዛውን ወይም ሙቁን አየር የሚተፋው ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ ተለቅ የሚለው፣ የቤቱን አየር እየሳበ ወደ ማሽኑ የሚመልሰው «ሪተርን» ነው። አብዛኛው ማሽን አየር ከውጭ አያመጣም፤ ያንኑ የቤቱን አየር እያዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው። ያልሳበውን ሊተፋ አይችልም። ስለዚህ ፍተሻውን ከሚስበው በኩል ጀምሩ።

በሶፍት ዙሩ

ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑን ከ«ኦቶ» ወደ «ኦን» አድርጉት። አንድ ሶፍት ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። ሪተርኑ ጋ ስታስጠጉት ሶፍቱ መረቡ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። የሚተፋው ጋ ደግሞ ወደ እናንተ ይርገበገባል። የሚደክምበትን ክፍል ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉና ሶፍቱን ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት አስጠጉት። ብዙ ቤት ውስጥ ሪተርን ያለው ኮሪደር ላይ ብቻ ነው። በሩ ሲዘጋ ወደ ክፍሉ የገባው አየር መመለሻ ያጣል፣ ክፍሉ ይታፈናል፣ አዲስ አየርም እንደ ልብ አይገባም። ሶፍቱ ወደ ውጭ በኃይል የሚገፋ ከሆነ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተኙ። አለዚያ የበሩን ግርጌ ትንሽ አስቆርጡ።

እግረ መንገዳችሁን የተዘጉ ቬንቶችን ክፈቱ። «ማንም የማይተኛበትን ክፍል ብዘጋ መብራት እቆጥባለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይቆጠብም። የማሽኑ ንፋስ የተመጠነው ለቤቱ በሙሉ ነው፤ መውጫ ሲያጣ አየሩን ወደ ክፍሎቹ በሚያደርሰው ቧንቧ፣ ማለትም በዳክቱ፣ መጋጠሚያ በኩል ይሾልካል።

ፊልተሩን አውጡ

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ። ፊልተሩ ወይ ቤዝመንት ማሽኑ ጎን ባለ ቀጭን ክፍተት ውስጥ ነው፣ ወይ ከሪተርኑ መረብ ጀርባ። ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱበት፤ ብርሃኑ አልታይ ካለ አለቀለት። ልኩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 16×25×1፣ በኢንች ነው። አዲሱን ስታስገቡ ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ ይጠቁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውዱን በመግዛት ነው። «መርቭ» የሚባለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ፊልተሩ ደቃቅ አቧራ ይይዛል፣ ግን አንድ ኢንች ብቻ ውፍረት ያለው ከሆነ አየሩንም ሊያንቅ ይችላል። ለአብዛኛው ቤት መርቭ 8 ይበቃል። አስም ያለበት ሰው ኖሮ 13 ከፈለጋችሁ ማሽኑ ይችለው እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለ አራት ኢንች ፊልተር የሚቀበል ሳጥን ማስገጠምም ይቻላል።

ማሸጊያው ላይ «እስከ 3 ወር» ሊል ይችላል። ያ ግን ቡና የማይቆላበት፣ ሽንኩርት የማይቁላላበት፣ እጣን የማይጨስበት ቤት ነው። እኛ በየወሩ እናያለን። የእኛ ፊልተር አቧራ ብቻ ሳይሆን ቅባትም ይዞ ነው የሚወጣው፤ በጣት ሲነካ ያጣብቃል።

በሰንደል ቀዳዳ ፈልጉ

ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት በዳክት ከሚጓዘው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መጋጠሚያ ይባክናል። ቤዝመንታችሁን እያቀዘቀዘ የሚያስቸግራችሁ ምናልባት እሱ ነው።

ፋኑን መልሳችሁ ክፈቱ፣ ሰንደል ለኩሱና የዳክቱ ቆርቆሮ በተጋጠመበት ሁሉ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ጭሱ ከተበተነ አየር እየወጣ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ሪተርኑ እየሳበ ነው። ማጨሻውን ከነከሰሉ ይዛችሁ አትውረዱ። የጋዝ ሽታ ካለ ደግሞ ምንም አትለኩሱ፤ ከቤት ወጥታችሁ ጋዝ ድርጅቱን ጥሩ።

ቦታውን በጨርቅ ጥረጉና በአሉሚኒየም ቴፕ ወይም «ማስቲክ» በሚባለው በብሩሽ በሚቀባ ማጣበቂያ ድፈኑ። ግራጫውን ባለ ጨርቅ ቴፕ ተዉት። ስሙ ዳክት ቴፕ ቢሆንም ዳክት ላይ አይበረክትም፤ ሙቀት ሲነካው ደርቆ ይላቀቃል። ቤቱ አሮጌ ከሆነና ዳክቱ በነጭ ወረቀት መሰል ነገር ከተጠቀለለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ በባለሙያ ይታይ።

ከማሽኑ በሚወጡት ቧንቧዎች ጎን ትንሽ እጀታ ካያችሁ የአየሩ በር ናት። እጀታዋ ከቧንቧው ጋር አቅጣጫዋ አንድ ከሆነ ክፍት ናት፣ ካቋረጠችው ዝግ። ለክረምት የተተወች እጀታ በጋውን ሙሉ ላይ ቤቱን ስታቃጥል ልትከርም ትችላለች። በሙቀት ወራት ወደ ላይ የሚሄደውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ የታችኛውን በጥቂቱ ብቻ መለስ አድርጉት።

ጣሪያ ሥር እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ የሚተጣጠፍ ዳክት ካላችሁ፣ የተቆለመመበትን ማቃናት ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሐምሌ ላይ ግን እዚያ የሚወጣ በጠዋት ይውጣ፤ የሚረገጠውም ወራጁ እንጨት ላይ ብቻ ነው።

የውጪው ማሽንና በረዶ

ዙሪያውን 60 ሴንቲሜትር ያህል ከሣርና ከቁጥቋጦ አጽዱ። መብራቱን አጥፍታችሁ በቀስታ ውኃ አጥቡት። ውስጥ ያለው ቧንቧ በረዶ ከሠራ ማቀዝቀዣውን አጥፉና ፋኑን ብቻ ክፈቱ፤ እስኪሟሟ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በአዲስ ፊልተርም ከደገመው ባለሙያ ያስፈልጋል።

በክረምትም ነገሩ ያው ነው። አየር ያጣ ሂተር ውስጡ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ያጠፋል። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው መሥራቱን ዛሬውኑ ፈትሹ።

ባለሙያ ስትጠሩ

ከመጥራታችሁ በፊት በኩሽና ቴርሞሜትር ለኩ። ኤሲው 15 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሪተርኑ ጋ ያለውና ለማሽኑ ቅርብ ከሆነው ቬንት የሚወጣው አየር ከ15 እስከ 20 ፋራናይት ያህል ይለያያሉ። ልዩነቱ ከዚያ በጣም ከበለጠ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ በቂ አየር እያገኘ አይደለም።

በር ላይ የሚለጠፈው «ዳክት በርካሽ እናጥባለን» የሚል ወረቀት አያጣድፋችሁ። ሻጋታ ካልታየ፣ አይጥ ካልገባ ወይም አቧራው ካልደፈነው በስተቀር በየጊዜው ማሳጠብ አያስፈልግም።

ለመጣው ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ስታቲክ ፕሬዠሩን ለካኸው?» ይህ ማለት የዳክቱ የደም ግፊት ነው። ብዙው የቤት ማሽን የተሠራው ለ0.5 ኢንች የውኃ ግፊት አካባቢ ነው፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ አየሩ የሆነ ቦታ ታንቋል። እኛ ጋ በሁለተኛው ጊዜ የመጣችው ባለሙያ ሳንጠይቃት ነው መለኪያዋን ያወጣችው። አሮጌው ማሽን እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። የልጆቹ ክፍል አሁን 76 ነው፤ የቀረችው ሁለት ዲግሪ የጣሪያው ጉዳይ ናት።