ያለ በቂ ምክንያት በኦፕራሲዮን ላለመውለድ ምን ማድረግ ይቻላል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት ሁለት ተቃራኒ ስጋቶች አሉባት፤ አንደኛው ኦፕራሲዮን የግድ በሚያስፈልጋት ሰዓት ሆስፒታል ሳትደርስ መቅረት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳያስፈልጋት በኦፕራሲዮን መውለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ሕፃናት 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን ከ20 በመቶ በላይ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ምጣኔው በአንድ ሕዝብ ዘንድ ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ መጨመሩ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ከመቀነስ ጋር ተያይዞ እንዳልተገኘ ገልጿል።

በእርግዝና ክትትል ወቅት «በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው» ከተባሉ ምክንያቱ በግልጽ እንዲነገርዎትና በክትትል ካርድዎ ላይ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ። እንግዴ ልጁ የማህፀንን አፍ ከሸፈነ፣ ወይም ጽንሱ ምጥ እስኪመጣ ድረስ አግድም እንደተጋደመ ከቆየ ምክንያቱ በቂ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል መባሉ ግን ብቻውን አያበቃም፤ ብዙ ሕፃናት እንደዚያው ሆነው በሰላም ይወለዳሉ። «ልጁ ትልቅ ነው» ሲባልም፣ አልትራሳውንድ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚገምተው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት እንደሚችል ይወቁ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ግን ጉዳዩ ስለሚለይ ከሐኪምዎ ጋር በዝርዝር ይነጋገሩበት።

ምጡ ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ የመንገዱን ርቀት ፈርቶ በጣም ቀድሞ ሆስፒታል ይገባል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የማህፀን አፍ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ሊሆን ስለሚችል፣ ምጡ ገና ሳይጠነክር «አልገፋ አለ» ተብሎ ወደ ኦፕራሲዮን እንዳይኬድ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስ መታየቱ ይጠቅማል። አብረውዎት የሚሆኑ እናት፣ እህት ወይም ባለቤት ወደ ማዋለጃ ክፍል መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነም አስቀድመው ያጣሩ፤ አይዞሽ የሚል ሰው አጠገቧ ያለ ወላድ በምጥ የመውለድ ዕድሏ ከፍ እንደሚል በጥናት ተረጋግጧል። ደም ከፈሰሰ፣ እትብት ቀድሞ ከወጣ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ ግን አንድም ደቂቃ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በዚያ ሰዓት ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ካለ፣ ለመፈረም የዘመድ ሽማግሌ አይጠበቅም።

ባለፈው በኦፕራሲዮን ወልደው ከሆነ የሚቀጥለውም የግድ እንደዚያው ይሆናል ማለት አይደለም። ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ የመጣበቅና ከባድ ደም የማፍሰስ አደጋው ስለሚጨምር ይህን ነጥብ አጥብቄ አነሳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማህፀኑ በታችኛው ክፍል አግድም ተቀዶ የወለዱ እናቶች በምጥ ለመውለድ ሲሞክሩ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፤ ሙከራው ግን የኦፕራሲዮን ክፍሉ ሁልጊዜ ዝግጁ በሆነ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ መደረግ አለበት። ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማህፀኑ እንዴት እንደተቀደደ አይናገርም፤ ያንን የሚናገረው ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ነው። በዳርቻው ያለ ተከራይ ቤት ሲቀያይር ወረቀቱ በቀላሉ ይጠፋልና የኦፕራሲዮኑ ምክንያትና የማህፀኑ አቀዳደድ ተጽፎበት እንደሆነ ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ከዚያም ፎቶ አንስተው በእርስዎም በባለቤትዎም ስልክ ያስቀምጡት።