የሲንጀሬን ዕድሜ የደበቀች አንዲት ፊደል

የስፌት መኪናዬ ዕድሜ አልገኝ ብሎ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጥቁር ሲንጀር ነው፣ ሞዴል 99። መሠረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከሲንጀር የተከታታይ ቁጥር ሰንጠረዥ ጋር ሳስተያይ እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት ይለኛል። 99 ግን ያኔ ገና አልተወለደም!

መጀመሪያ ከመርፌው ሥር ያለችው ብረት ላይ የተጻፈውን የፓተንት ቀን ያዝኩ። እሱ ፈጠራው የተመዘገበበት ነው፤ መኪናው ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ ገልብጬ ከሥሩ «ሲማንኮ» ከሚል ጽሑፍ አጠገብ ሌላ ቁጥር አገኘሁ። ደስ አለኝ። ለካ የመለዋወጫ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በስፌት መኪና ዘይት አርሼ ግማሽ ሰዓት ተውኩትና በጥጥ ጠረግኩት። (አልኮል እንዳታስነኩት፣ ቫርኒሹንና ወርቃማውን ጌጥ ይበላዋል።) ነጭ ጠመኔ አሸት አሸት አድርጌ የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁበት። ከቁጥሩ ፊት፣ ቆሻሻ ከደፈነው ጭረት ውስጥ፣ ባላ የምትመስለው የላቲኗ «ዋይ» ብቅ አለች።

ሲንጀር ፊደል ማስቀደም የጀመረው በ1900 ነው። «ዋይ» ደግሞ የስኮትላንዱ ክላይድባንክ ፋብሪካ ምልክት ናት። በፊደሏ ስፈልግ 1920ዎቹ ላይ ቁጭ አለልኝ። ቀኑ ግን ቁጥሩ ለፋብሪካው የተመደበበት ነው፤ መኪናው ራሱ ትንሽ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል።