«ሜካኒካል» ማለት ፋብሪካ አይደለም፦ ሶሲዮሎጂ ሲጀመር የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። «ሜካኒካልና ኦርጋኒክ ትስስርን በምሳሌ አስረዱ» ይላል። ደስ አለኝ። ሜካኒካል? ማሽን፣ ፋብሪካ፣ ከተማ። ኦርጋኒክ? ገጠር፣ ተፈጥሮ፣ ጎረቤት። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዟል። ምሳሌዎቼ ጥሩ ነበሩ፤ ቦታቸውን ነው ያገላበጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪ አስጠንቻለሁ። ያንኑ ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ። ሌሎችም አሉ። አብዛኞቹ ከስንፍና አይመጡም። ቃሉ ይሸመደዳል፤ ቃሉን ያመጣው ሰው ምን ጥያቄ ይዞ እዚያ እንደደረሰ ግን ይዘለላል። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሜካኒካልን ከማሽን ጋር ማያያዝ

ከራሴው ልጀምር። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ስለ ሥራ ክፍፍል የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1893 ነው። ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሰው በየሙያው ተበታትኖ፣ እያንዳንዱ በየፊናው እየሄደ፣ ኅብረተሰብ ለምን አይፈርስም? የሱ መልስ፣ ማሰሪያው ተቀየረ እንጂ አልጠፋም የሚል ነው።

ድሮ ሰውን ከሰው ያስተሳሰረው መመሳሰል ነው። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ እምነት፣ አንድ ነውር። ዱርካይም እነዚህን ሰዎች ሕይወት ከሌለው አካል ቅንጣቶች ጋር አመሳሰላቸው። ድንጋይ ሲንከባለል ቅንጣቶቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፤ የየራሳቸው መንገድ የላቸውም። «ሜካኒካል» ያለው ይህንን ነው። «ኦርጋኒክ» ደግሞ ከሰውነት ክፍሎች የመጣ ነው። ልብ ኩላሊትን አይመስልም። ስለማይመስል ነው አንዱ ያለሌላው መኖር የማይችለው። ዛሬ ጠዋት የበላሁትን ዳቦ ማን እንደጋገረው አላውቅም። ዱቄቱን የፈጨውን፣ ስንዴውን ያመጣውን ሹፌርም አላውቅም። ከሁሉም ጋር ግን ታስሬያለሁ።

ትስስር በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዱርካይም የሚታይ ነገር ፈለገ፤ ሕግን ያዘ። ሕጉ በዋናነት የሚቀጣና የሚበቀል ከሆነ ሜካኒካል ትስስር በርትቷል ማለት ነው። ጉዳት የሚያስክስ፣ ውል የሚያስፈጽም ሕግ ሲበዛ ደግሞ ኦርጋኒኩ አይሏል። ይህቺን ጨምሮ የጻፈ ተማሪ እስካሁን የገጠመኝ አንድ ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ምሳሌ ስጡ» ሲባል ሁሉም እድርን ከሜካኒካል ሥር ይከታል። እድር ባህል ነው፣ ስለዚህ ድሮ ነው፣ ስለዚህ ሜካኒካል ነው፤ አለቀ። እስቲ የሰፈራችሁን የእድር መዝገብ ገልጣችሁ እዩ። አናጺ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ጉልት የምትሸጥ እናት አለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሊኖርበት ይችላል። ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ የተጻፈ ደንብ አለው፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን አይታችሁ ሜካኒካል ትሉ ይሆናል፤ የአባላቱን ስብጥር አይታችሁ ደግሞ ትጠራጠራላችሁ። መጠራጠራችሁ ልክ ነው። ሁለቱ ቃላት ድንች ከሽንኩርት እንደሚለይ ነገር መለያ ቅርጫት አይደሉም።

ዱርካይምን እንደ ሥነ ልቦና አማካሪ ማንበብ

በ1897 ራስን ስለማጥፋት የጻፈው ጥናት ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ሰው ለምን ይህን እንዳደረገ የሚነግረን ይመስላል። አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የአንድ አገር ቁጥር ከዓመት ዓመት ተቀራራቢ ሆኖ የሚቆየው፣ ፕሮቴስታንት የሚበዛበት አካባቢ ከካቶሊኩ የሚበልጠው፣ ያላገባ ካገባ የሚበልጠው ለምንድነው? የየግለሰቡ ሐዘን የየራሱ ነው፤ የድምሩ መጠን ግን የኅብረተሰቡን ሁኔታ ይናገራል። «ማኅበራዊ ክስተትን እንደ ቁስ ተመልከቱ» ማለቱም ይኸው ነው። ከእኛ ውጭ ቆሞ የሚገፋንን ነገር፣ ከውጭ ሆነን እንመርምረው ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ትርጉምም ያሳስታል። ዱርካይም ራስን ማጥፋትን በዓይነት ሲከፍል «ኢጎይስቲክ» ያለውን «ራስ ወዳድ» ብለን እንተረጉመዋለን። ተማሪው ከዚያ ስለ ስግብግብ ሰው መጻፍ ይጀምራል። ዱርካይም የሚያወራው ገመዱ ስለላላ ሰው ነው፤ ቤተሰብ፣ ማኅበር፣ ጉባኤ አጥብቆ ስላልያዘው። «ብቸኛ» ብትሉት ይቀርባል። «አኖሚ»ም፣ ማለትም ምኞትን የሚገታ ደንብ መላላቱ፣ እንዲሁ ድህነት ብቻ አይደለም። ዱርካይም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን በድንገት ሲያድግም ቁጥሩ እንደሚጨምር አይቷል። የሰው ምኞት ልክ የሚያጣው በሁለቱም ጊዜ ነውና።

መደብን በኪስ መለካት

ማርክስ ጋ ስንደርስ ሁሉም አዋቂ ነው። ከበርቴ፣ ወዛደር፣ ንዑስ ከበርቴ፤ ቃላቱን ከአብዮቱ ዘመን ወላጆቻችን አውርሰውናል። ስለዚህ «መደብ ማለት ሀብታም፣ መካከለኛና ድሃ» ተብሎ ይጻፋል። ስህተት ነው።

ሁለት የሚኒባስ ሹፌሮችን አስቡ። በአንድ መስመር ይሠራሉ፣ አንድ ቦታ ምሳ ይበላሉ። አንደኛው የሚነዳት መኪና የራሱ ናት። ሌላኛው ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል። የቀናቸው ዕለት ሁለቱም ኪስ ውስጥ የሚቀረው ብር ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ማርክስ ግን ኪሳቸውን አይፈትሽም። የሚጠይቀው «መኪናዋ የማን ናት?» ብሎ ነው። መደብ ከማምረቻ መሣሪያ ጋር ያለ ግንኙነት ነው። የሚገርመው፣ ማርክስ ራሱ ለመደብ የተሟላ ብያኔ ሳይሰጥ ነው የሞተው። ከሞቱ በኋላ የትግል ጓደኛው ኤንግልስ በ1894 ባሳተመው የካፒታል ሦስተኛ ቅጽ መጨረሻ ላይ ስለ መደቦች የሚያወራ ምዕራፍ አለ፤ ገና ከመጀመሩ ይቋረጣል።

ሃይማኖትን «የሕዝብ ኦፒየም» ያላትንም እናውቃታለን። ጎረቤቶቿን ግን ቆርጠን ጥለናቸዋል። በ1844 በታተመው በዚያው ጽሑፍ ከሷ ቀድሞ ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ ነው፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው ይላል። በዚያ ዘመን ኦፒየም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የሕመም ማስታገሻም ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ነቀፋ አለበት፤ ስድብ ብቻ አድርጎ ማንበብ ግን ግማሹን መጣል ነው።

ቬበር ቢሮክራሲን አመሰገነ ማለት

ባለፈው ዓመት አንድ ደብዳቤ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው አለ፣ ማኅተሙ የለም። በሦስተኛው ቀን የፋይሉን ካዝና ቁልፍ የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ተነፈሱና «ወይ ቢሮክራሲ!» አሉ።

በጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ በማክስ ቬበር ቋንቋ ከሄድን ያየነው ቢሮክራሲ ሳይሆን የቢሮክራሲ ጉድለት ነው። ቬበር የዘረዘራቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው፦ የተጻፈ ደንብ፣ የሥልጣን ተዋረድ፣ ፋይል፣ በችሎታ የተቀጠረ ሠራተኛ። ከሁሉም በላይ ግን ወንበሩ ከሰውዬው መለየቱ። ሰውዬው ቢታመም፣ ቢሄድ፣ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል። ቁልፉ በልጅቷ ቦርሳ ወደ ለቅሶ ቤት አይሄድም።

ይህን የሰማ ተማሪ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይፈተለካል፦ «ቬበር ቢሮክራሲን ይደግፋል»። ቃሉም ያግዘዋል። «አይዲያል ታይፕ» የሚለው «ተመራጭ ዓይነት» ተብሎ ይተረጎማላ። እዚህ «አይዲያል» ምኞት አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የተሳለ፣ እውነተኛው ዓለም ምን ያህል እንደሚርቀው የሚለካበት ማስመሪያ ነው። እንዲህ ያለ ማስመሪያ ለሽፍታ ቡድንም ሊሠራ ይችላል። ቬበር ራሱ የዚህ ማሽን ዘመን እንደ ብረት በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ እንዳይከተን ፈርቷል።

በ1904 እና 1905 ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባር የጻፈውም «ካፒታሊዝምን ሃይማኖት ፈጠረው» ተብሎ ይጠቀሳል። እሱ ግን መጨረሻው ላይ በግልጽ ያስጠነቅቃል። የአንድ ወገን ቁሳዊ ማብራሪያን በሌላ የአንድ ወገን መንፈሳዊ ማብራሪያ መተካት ዓላማዬ አይደለም ይላል።

«የሶሲዮሎጂ አባት ኮምት ነው» ብሎ መዝጋት

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦገስት ኮምት በ1839 ባሳተመው ቅጽ «ሶሲዮሎጂ» የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ። ቃሉ ግማሹ ላቲን፣ ግማሹ ግሪክ ነው። ከዚያ በፊት «ማኅበራዊ ፊዚክስ» ይለው ነበር። ቤልጂጋዊው ኬትሌ ያንኑ ስም ለስታቲስቲክስ ሥራው ሲጠቀምበት ኮምት ሌላ ፈለገ። ስም ማውጣት ደግሞ ከመውለድ ይለያል። የሰሜን አፍሪካው ሊቅ ኢብን ኻልዱን «አሰቢያ» ብሎ የወገን ትስስርን ያብራራው በ1377 ነው፤ ኮምት ከመወለዱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት። ኮምት ከሱ ቀዳ ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱንም አትጻፉ።

ሌላም የባለቤት ስህተት አለ፦ «ይበልጥ የተስማማው ይተርፋል» የሚለውን ለዳርዊን አትስጡ። በ1864 መጀመሪያ ያለው እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ጸሐፊ ኸርበርት ስፔንሰር ነው። ዳርዊን ቆይቶ ተዋሰው።

ሦስት ጢማሞችን ብቻ መቁጠር

ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ቬበር፤ ሥዕላቸው ግድግዳ ላይ ነው። ኮምትን አሳጥራ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሃሪየት ማርቲኖ ግን የለችም። ኮምት ትርጉሟን በጣም ከመውደዱ የተነሳ ለአንባቢዎቹ ይመክረው ነበር። በፊላደልፊያ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ ያጠናውና በ1899 ያሳተመው ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስም የለም።

ጀርመናዊው ጊዮርግ ዚመልም እንዲሁ። ዚመል በ1908 «እንግዳ» ስለሚለው ሰው ጽፏል። ዛሬ መጥቶ ነገ ስለሚሄድ መንገደኛ አይደለም፤ ዛሬ መጥቶ ነገም ስለሚቆይ፣ ቅርብም ሩቅም ስለሆነ ሰው ነው። የዚመልን ጽሑፎች ለእንግሊዝኛ አንባቢ መርጦ ካቀረቡት አንዱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሌቪን ነው። እኛ አገር ግን እሱን የሚያውቀው ሰው የሚያነሳው ሌላ ሥራውን ነው፤ አማራውን ሊያጠና መንዝ ገብቶ ከኖረ በኋላ የጻፈውን «ሰምና ወርቅ»።