ካርድ አንባቢው ዝብርቅርቅ ፊደል ሲጽፍ

ጎንደር ፒያሳ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው የዩኤስቢ ካርድ አንባቢ፣ የአባልነት ካርድ ሲሳብበት ዝብርቅርቅ የአማርኛ ፊደል ይጽፍ ነበር። ካርዱም አንባቢውም ደህና ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነኝ ብሎ ነው የሚገባው፤ ያነበበውን ይተይባል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቆየ ሁሉም ይምታታል። ወደ እንግሊዝኛ መለስነው፤ አለቀ።

ለማረጋገጥ ኖትፓድ ከፍታችሁ ካርዱን ሳቡ። የካርዱ ማግኔታዊ መስመር መረጃውን ትራክ በሚባሉ ረድፎች ይይዛል፤ ትራክ 1 በ«%»፣ ትራክ 2 በ«;» ይጀምራል፤ ሁለቱም በ«?» ያልቃሉ። በባንክ ካርድ ግን አትሞክሩት፤ ቁጥሩ እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል።

ትራክ 2 እየመጣ ትራክ 1 ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የንባብ ጭንቅላቱ (መስመሩን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል። ትራክ 1 በአንድ ኢንች 210 ቢት ይዟል፣ ትራክ 2 ግን 75 ብቻ። አቧራና የእጅ ቅባት ካርዱን ከጭንቅላቱ ትንሽ ሲያርቀው ቀድሞ የሚጠፋው ጥቅጥቁ ነው። በጋ ላይ ይህ ይብሳል። ስስ ጨርቅ አሮጌ ካርድ ላይ ጠቅልሉ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል አስነኩትና ደጋግማችሁ ሳቡ፤ ሲደርቅ ሞክሩ። ቤንዚን የሚያስነኩ አሉ፤ ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል።

አንድ ካርድ ብቻ በሁሉም አንባቢ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ መረጃው ጠፍቷል። ቡናማው መስመር ብዙውን ጊዜ 300 ኧርስተድ (መረጃው በማግኔት እንዳይጠፋ ያለው የመቋቋም አቅም መለኪያ) አካባቢ ስለሆነ የስልክ ሽፋን ማግኔት ሊያጠፋው ይችላል። እንደገና ይጻፍ፤ አዲስ ካርድ ስታዝዙ ባለ 2750 ኧርስተዱን ጠይቁ።